የጥድ ማርያም ቃሬዛ

ማሬ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። የጎረቤት በሬ ማሳዋ ቢገባ ባለቤቱን ከነዘር ማንዘሩ እየጠራች ነው የምታስወጣው። እንዲህ ያለችው ሴት በሰኔው ስብሰባ ላይ አፏን ለጉማ ቁጭ አለች! እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ እሷንማ ተዉአት።

ጥድ ማርያም ከቁይ ከተማ በእግር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ናት፤ መኪና አይገባባትም። ከመንደሩ እስከ ጠጠሩ መንገድ ድረስ ገደልና ወንዝ አለ። ምጥ የያዛትን፣ የታመመውን፣ ከዛፍ የወደቀውን እዚያ ድረስ የሚያወጣው የቃሬዛ ማኅበሩ ነው፤ ደመወዝ የላቸው አበል የላቸው፣ ጡሩንባ ሲነፋ የጨበጡትን ሞፈር ጥለው የሚሮጡ ሃያ አራት ሰዎች። ቃሬዛቸው የቀርቀሃ መሸከሚያ ያለው፣ በጠፍር የተጠለፈ፣ ቀላልና ጠባብ ስለሆነ በዚያ ቀጭን የገደል መንገድ ያለችግር የሚያልፍ ነበር። የሠራው የማሬ ሟች ባል ነው። እሱ ሲሞት ሰብሳቢነቱን ለእሷ ሰጧት። «ሴት ደግሞ ሰብሳቢ ትሆናለች ወይ?» ያለ አልጠፋም ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት እሱም አፉን ዘጋ።

አበባው ደግሞ የዚያው የጥድ ማርያም ልጅ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ገብቶ፣ ኮንትራክተር ሆኖ፣ ሀብት ያፈራ። አቶ ልለው አልፈልግም፤ ቢሆንም ክፉ ሰው ነው ካልኩ እዋሻለሁ። ያገሬን ሰው ልርዳ ብሎ ነው የተነሣው። በበጎ ፈቃድ የሚሠሩትን ሁሉ፣ የቃሬዛ ማኅበሩን፣ እድሮቹን፣ ጧሪ የሌላቸውን የሚጦሩትን፣ በቁይ ገበያ ሱቅ ያላት ሀጀራ የምትመራውን የአራሶች ረዳት ማኅበር፣ ሁሉንም የሚደግፍ አንድ ፋውንዴሽን እናቋቁም አለ። ሕዝቡም አጨበጨበ፤ ማሬም መዳፏ እስኪግል አጨበጨበች። ማን ይጠላል?

ከዚያ ደንቡ ተነበበ። ማኅበራት ያላቸውን ንብረት ለፋውንዴሽኑ ያስረክባሉ፤ ንብረቱ ቁይ ከተማ መጋዘን ይገባል፤ ባስፈለገ ጊዜ በፋውንዴሽኑ ሰብሳቢ፣ በአበባው ፊርማ ይወጣል። ለምን ቢባል፣ ለጋሾች ሲመጡ ባዶ እጁን የተቀመጠ ድርጅት ማየት አይፈልጉም አለ አበባው። የቃሬዛ ማኅበሩ ግን አይስጋ፤ አዲስ የብረት ቃሬዛ ይገዛለታል።

ማሬ ብድግ አለች። ምጥ ፊርማ ይጠብቃል ወይ ልትል ነበር። ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል።

አበባው ቀደማት። «ይኸው አበልጄ ማሬ ተነሣች» አለ እየሳቀ። «አንቺ ከጀመርሽ ሌላው ይከተላል፤ መቼም በሰው ፊት አታሳፍሪኝም።»

የማሬን ልጅ ፈንታን ክርስትና ያነሣው አበባው ነው። አበልጅ እኛ ዘንድ ከሥጋ ዘመድ ይከብራል። አበልጁን በጉባኤ ያዋረደ ሰው ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት ሲገባ እንኳን ቦታ የሚለቅለት የለም። ማሬ አበባውን አየች፣ ሕዝቡን አየች።

«እሺ» አለች፤ ተቀመጠች።

ከጎኗ የተቀመጠችው ሀጀራ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «እሺ ነው ያልሽ? ማሬ፣ ሙች በይኝ!»

«ምን ልበል ታዲያ? አበልጄ እኮ ነው።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። ይህን የተረተውን ሰው ባገኘው የምለውን እኔ ነኝ የማውቀው።

በማግስቱ ቃሬዛው ቁይ ወረደ። ገዳሙ የተባለው የመጋዘን ኃላፊ ቢጫ ወረቀት ለጠፈበት፤ ንብረት ቁጥር አንድ። ማሬ ሰጥታ ሌላው ምን ይላል? የእድሩ ድንኳን ገባ፣ የማኅበሩ ድስትና ሰሃን ገባ፣ አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ ገባ። ሀጀራም እያጉረመረመች የአራሶቹን ብርድ ልብስ አስገባች።

ሰኔ አለቀ፤ የብረት ቃሬዛው የለም። ሐምሌ ገባ፤ የለም። የፈንታ ሚስት ዜማ ቀኗ እየቀረበ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ፈንታ እናቱን አንድ ማታ ራት ላይ፣ «እማ፣ ልጁ እስኪወለድ እንኳ ቃሬዛችንን ይመልሱልን በያቸው» አላት።

«የሰጠነውን መልሱ እንበል? ሰው ምን ይለናል?» አለች ማሬ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ አይደል?

ማክሰኞ ጠዋት ዜማን ምጥ ያዛት። እስከ ረፋዱ ደኅና ነበረች፤ ከዚያ ደም ታየ። አዋላጇ ወለተ ሐዋርያት ዕድሜዋን ሙሉ ያገሩን ልጅ የተቀበለች ሴት ናት፤ ወጣ አለችና ማሬን፣ «ይሄ የእኔ አቅም አይደለም፤ ቶሎ አውጧት» አለቻት። ጡሩንባው ተነፋ፤ ሃያ አራቱም መጡ። መጥተው ግን እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። በምን ይሸከሟት? ፈንታ ወደ ቁይ በረረ።

ገዳሙ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። «የአቶ አበባው ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ይዘሃል?» አለው።

«ሚስቴ ልትሞት ነው፤ ምን ደብዳቤ ትለኛለህ?»

«ወንድሜ፣ ደንብ ነው። ለወጣ ንብረት የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

አበባው ጋ ተደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። እንደገና ተደወለ፤ ዝግ ነው። ለካ ደብረ ማርቆስ ላይ ለፋውንዴሽኑ ምረቃ የሚሰቀለውን ባነር እያሳተመ ኖሯል! ፈንታ በገዳሙ እግር ላይ ወደቀ። ገዳሙ ቁልፉን በኪሱ እንደያዘ ተነሥ ተነሥ አለው፤ ቁልፉን ግን አላወጣም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ቃሬዛው በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል ይታይ ነበር፤ ፈንታ በዓይኑ አይቶት ነው ባዶ እጁን የተመለሰው።

እስኪመለስ ሦስት ሰዓት አለፈ። እነማሬ ጠብቀው ጠብቀው የማሬን አልጋ አውጥተው ነበር፤ የገደሉ መንገድ አልጋ አያሳልፍም። እየተቀባበሉ አዘሏት። በዚህ መሃል ወንዙ ሞልቶ ኖሮ እስኪጎድል ዳር ላይ ቆሙ፤ ዜማ እየጮኸች፣ ከዚያም መጮኽ አቅቷት። በስልክ የተጠራው አምቡላንስ ማዶ መንገዱ ላይ ቆሞ ያዩታል።

ዜማ ተረፈች። ወንድ ልጇ ግን በሕይወት አልተወለደም። ክርስትና ያልተነሣ ነውና ፍትሐት የለው፣ ስም የለው። ፈንታ ማንንም ሳያስከትል ብቻውን ቀበረው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቱን ቀና ብሎ አላያትም።

በሦስተኛው ቀን አበባው ደወለ። «አበልጄ፣ ሰማሁ፤ ልቤ ተሰበረ። የእግዜር ፈቃድ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል» አላት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ማሬ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው።

የፋውንዴሽኑ ምረቃ እሑድ ቁይ ከተማ አዳራሽ ነበር። ፈንታም መጣ፤ ለምን እንደመጣ ለማንም አልተናገረም፤ ከአዳራሹ ውጭ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ውስጡ በእንግዳ ተሞልቷል። መድረኩ ላይ የጥድ ማርያም ቃሬዛ ሪባን ታስሮለት ለእይታ ተቀምጧል። ከጎኑ ደግሞ አዲሱ የብረት ቃሬዛ። አራት ጎማ አለው። ጎማ! ሰው ተራ በተራ እግሩን እያስቀመጠ በሚወርድበት ገደል ላይ ጎማ!

አበባው ማይኩን ይዞ፣ ጽናቱን ይስጣችሁ ብሎ፣ ስለ ሕፃኑ የኅሊና ጸሎት ካስደረገ በኋላ፣ «አርአያ የሆነችን አበልጄ ማሬ ወጥታ ትረከበን» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ።

ማሬ ወጣች። የብረቱን ዞር ብላ አላየችውም። የአሮጌውን ቃሬዛ ሪባን በጥርሷ በጠሰችው፤ ቢጫውን ወረቀት ላጠችው።

«አበልጄ፣ ቆይ፣ ገና ፎቶ አልተነሣንም...» አለ አበባው።

«አበልጄ አትበለኝ!» አለችው። ሠላሳ ዓመት እርስዎ ስትለው የኖረች ሴት ናት። «በሰው ፊት አታሳፍሪኝ አልከኝ፤ አላሳፈርኩህም። ላንተ ፊት ብዬ የልጄን ልጅ ቀበርኩ። የእግዜር ፈቃድ ነው ትለኛለህ? እግዜር መጋዘን አለው? እግዜር ቁልፍ በኪሱ ይዞ ደብዳቤ አምጡ ይላል? ያንተ ሥራ ነው፤ የእኔም ሥራ ነው። አንተ ቆለፍክ፤ እኔ እሺ አልኩ።»

«ማሬ፣ ደንቡ እኮ...»

ሀጀራ ከመሃል ተነሣች። «ፋውንዴሽን የሚሰጥ ነው ብለውን ነው የመጣነው፤ እስካሁን ያየነው የሚወስድ ነው። አቶ አበባው፣ ለመርዳት ከሆነ ካለዎት ይስጡ። የእኛን ለእኛ ይተዉልን። ብርድ ልብሴን!»

ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይሰማል? የእድሩ ዳኛ ድንኳናችን አለ፤ ሴቶቹ ድስታችን አሉ። እንግዶቹ ወደ በሩ ማየት ጀመሩ። ገዳሙ ቁልፉን ሳይጠየቅ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፤ አሁን ገና! አበባው ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ወዲያው እዚያው ንብረት ማስረከብ የሚለው አንቀጽ ይሰረዝ ተብሎ እጅ ወጣ፤ አበባውም ቀና ሳይል ፈረመ። ማሬ ይህን አልጠበቀችም፤ ቃሬዛውን በትከሻዋ አድርጋ ወጥታለች።

ደጅ ላይ ፈንታ መጥቶ የቃሬዛውን አንዱን ጫፍ ያዘላት። የተባለውን ሁሉ ከውጭ ሆኖ ሰምቷል። ቃሬዛውን ይዘው ከተማውን አለፉ። ከዚያ ፈንታ ሳይዞር ጠየቃት።

«እማ፣ ዛሬ ያልሽውን ያን ቀን ለምን አላልሽውም?»

ማሬ ውሸት ፈለገች፤ አላገኘችም።

«አፍሬ ነው ልጄ። ሰው ፊት አፍሬ።»

ፈንታ ጥቂት እርምጃ ሄደና፣ «የእኔ ልጅ ለማፈርም አልደረሰ» አላት።