በቀንበሩ ላይ የነበሩት ስድስት ጭረቶች

ፋይዛ ክራሯን በነጠላ ጠቅልላ ከሚሴ፣ እኔ ወደምሠራበት ወደ ጋሽ ጀይላን እንጨት ቤት በባጃጅ አመጣችው። «አካም ጅርታ ኢልሃም?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ። እጇን ግን አልዘረጋችልኝም፤ ጣቶቿ ጠቁረዋል። ከእሷ በፊት የያዘው ሰው እንጨቱን የጫማ ቀለም ቀብቶ ቫርኒሽ ደርቦበት ኖሯል። ቀለሙ በላብ እየለቀቀ መድረክ ላይ ነጭ ቀሚሷን አበላሸባት። ቅዳሜ ደግሞ የምትጫወትበት የኪነት ቡድን ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል።

«ቀለሙን አስለቅቁልኝ፤ ቀንበሩ ግን እንዳለ ይቅር» አለች፣ ክሮቹ የሚታሰሩበትን የላይኛውን አግዳሚ እያሳየች። «እሱ ቀሚሴን አይነካም።»

ጋሽ ጀይላን ሳቀ። «ግማሽ ራስሽን ተላጭተሽ ባሕር ዳር ልትሄጂ ነው? የጀይላን ሥራ ይኼ ነው ሊሉኝ?»

ፋይዛ ቀንበሩን በጣቷ ዳብሳ ሄደች። ቀለም የማስለቀቅ ሥራ የእኔ ስለሆነ ክራሩን ለእኔ ሰጠኝ።

ቡድኑ ተጫዋች ሲመርጥ እኔም ተፈትኜ ነበር። ስድስቱን ክር ዓይኔን ጨፍኜ ቃኝቼ በባቲ ቅኝት ተጫወትኩ፤ አንገቴን ግን አንዴም ቀና አላደረግኩም። ፋይዛ ሰዉን እያየች ተጫወተች። የመረጡት እሷን ነው። ከዚያ ወዲህ በሰንበቴ ገበያም ሆነ በጨፋ ሮቢት ሰርግ ስሟ ሲነሳ፣ ሎሚ እንደነከሰ ሰው ጥርሴን ይጠርሰኛል።

ቆዳውን ቲነር እንዳይነካው በፌስታል ሸፈንኩት። ክንዶቹን በቲነር በራሰ ጨርቅ ጠቅልዬ ቆየሁ፤ ቫርኒሹ ሲለሰልስ የእንጨቱን መስመር ተከትዬ በጠርሙስ ስባሪ ፋቅኩት። ጥቁሩ እየተንከባለለ ወጣ፤ ከሥሩ ቀላ ያለው ዋንዛ ታየ።

ቀንበሩ ብቻ ቀረ። ክሮቹን የያዙትን የጨርቅ ጥምጥሞች ሳወልቅ፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ በቀለሙ ላይ በመርፌ የተጫረ ቀጭን መስመር አገኘሁ። ስድስት ናቸው። በጥምጥሞቹም ላይ ስድስት ነጭ ስፌቶች አሉ። ስፌቱ ከጭረቱ ጋር ሲገጥም ክራሩ ተቃኝቷል ማለት ነው፤ ጆሮ አያስፈልግም።

ፋይዛ መቃኘት አትችልም።

በመጀመሪያ ለከተማው ሁሉ ላወራባት አማረኝ። ቀጥሎ ከዚያ የሚሻል መጣልኝ፤ የታዘዝኩትን መሥራት። ቀንበሩን ከነምልክቶቹ ፋቅኩ፤ በሻካራው፣ ከዚያም በልስልሱ ብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፤ እንጨቱ ውስጥ የሰረገውን ጥቁር በበረኪና አወጣሁት፤ ጥምጥሞቹንም መልሼ አሰርኩ። እንደዚያ ንጹሕ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ጋሽ ጀይላን ጣቱን አሳልፎበት «ማሻ አላህ» ሲለኝ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ።

ዓርብ፣ ጋሽ ጀይላን ከጁምዓ ሳይመለስ፣ ፋይዛ መጣች። ከሁሉ በፊት ያየችው ቀንበሩን ነው። አንዱን ጥምጥም አዙራ አቆመች፤ ጣቷ ባዶውን እንጨት ዳበሰ።

«አይተሽዋል» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ኧረ ተይ፣ ኢልሃም።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ክራሩን ጉልበቴ ላይ አኖረችው። «ቃኚልኝ።»

ቃኘሁላት። ሆን ብዬ ቀስ አልኩ፤ ማን እንደሚችል ትይ ብዬ። ከዚያ ተቀብላኝ ተጫወተች። የቃኘሁት እኔ ነኝ፤ በእኔ እጅ ግን ክራር እንደዚያ ተናግሮ አያውቅም። ውጭ የሚጠብቃት ባለባጃጅ ሊሰማ ሞተሩን አጠፋ። ሥራዬን ሳሳያት ይበርድልኛል ያልኩት ቅናት ጭራሽ ባሰብኝ።

«ባሕር ዳር ድረስ ይይዛል?» አለችኝ።

እንጨቱ ከበረኪናው ገና እርጥበት ነበረበት፤ ሲደርቅ ጥምጥሞቹ ይንሸራተታሉ። ይህን ከከሚሴ ሰው እኔ ብቻ አውቃለሁ።

«ይይዛል» አልኳት።

«ኢንሻ አላህ በይ እንጂ፣ እታለም።»

ለማለት ሞከርኩ። ውሸቱን እንደዋዛ ብዬዋለሁ፤ የአላህን ስም ልጨምርበት ግን አልደፈርኩም። ፋይዛ ከንፈሬን እያየች ጠበቀችኝ።

«ኮምቦልቻ ሳትደርሱ ይረግባል» አልኩ።

ነጠላዋን አጣጥፋ አጠገቤ ተቀመጠች። ጭረቶቹን ክራሩ ተቃኝቶ ሲደርሳት እንደጫረቻቸው፣ መቃኘትን ግን ማንም አሳይቷት እንደማያውቅ፣ ለመጠየቅም አፍራ እንደኖረች ነገረችኝ። «እንግዲያው አስተምሪኝ» አለች።

ከመጀመሪያው ክር ጀመርን። አንዱን መታሁ፤ ሁለተኛውን እሷ እያዞረች ከእሱ ጋር እንድታስማማው ነገርኳት። ቶሎ እንዳይገባት ፈልጌ ነበር።

ቶሎ ገባት።