የማይጻፍ ሶሎ

ዳኜ ትራምፔቱን ከአፉ ሲያነሳ ከንፈሩን የሚያሳርፍበት ብረት ላይ ደም አየ። ማንም ሳያይበት በአውራ ጣቱ ጠረገውና እጁን ኪሱ ከተተ።

"ከፍተኛዋን ኖታ ዛሬም ሸሸሃት" አለ ጉተማ፣ ዓይኑን ከቤዝ ጊታሩ ሳያነሳ።

"አልሸሸኋትም ጋሽ ጉተማ፤ ዝቅ አድርጌ ነው የተጫወትኳት። እንዲህ ስትሆን ስሜት አላት።"

"ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሜት?"

ከበሮ መቺው ያሕያ እንደ ወትሮው አልሳቀም። ዳኜን ያስፈራው ይሄ ነው። ያሕያ ለቅሶ ቤት እንኳ ሳቁ የሚያመልጠው ሰው ነው። አሁን ግን ጎንበስ ብሎ የከበሮውን ብሎን ያጠብቃል፤ ድሮ የጠበቀ ብሎን።

መለማመጃቸው ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ፣ ከልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ያለ መጋዘን ነው። ዳኜ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ከዚህ ባንድ ልምምድ ቀርቶ አያውቅም። ሰፈር ቀይሮ ፉሪ ገብቷል፤ የቀን ሥራውንም ሁለት ጊዜ ቀይሯል። ባንዱን ግን አልቀየረም።

የፊት ጥርሱ መነቃነቅ ከጀመረ ሁለት ወር አልፎታል። ሐኪሙ "መነቀል አለበት" ብሎታል። የፊት ጥርስ የሌለው ሰው ደግሞ ከንፈሩ የሚደገፍበት ስለሌለው ትራምፔቱን እንደ ድሮው አይነፋም። ሚስቱ ፅጌረዳ "ለጓደኞችህ ንገራቸው" ብላ ብትለምነው እምቢ አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሱ ደግሞ የደበቀው ከማን ነው? አንዲት የጊታር ክር ስትላላ ከሩቅ ከሚሰሙ ሰዎች!

ጉተማ ጊታሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

"ዳኜ፣ እስቲ ሶሎህን በኖታ አስፍርልን። እንዲያው ይቀመጥ ብዬ ነው።"

ከወዲያ በኩል የልብስ ሰፊው መኪና ይንጣጣል።

በዚህ ባንድ ሶሎ አይጻፍም። ዋናው ዜማ ወረቀት ላይ አለ፤ ሶሎ ግን የባለቤቱ ነው፣ በጭንቅላቱ ይዞት ይኖራል። ጻፍ የሚባለው ሌላ ሰው ሊጫወተው ሲሆን ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ሳክስፎን ይነፋ የነበረው አብደላም "ይቀመጥ ብዬ ነው" ተብሎ ነበር። ነገሩ ስለገባው ሆን ብሎ አሳስቶ ጻፈና ተተኪው መድረክ ላይ ተዋረደ። ያን ቀን ከሁሉም በላይ የሳቀው ዳኜ ነበር።

"ማነው የሚመጣው?" አለ ዳኜ።

የመለሰለት ያሕያ ነው።

"ሴና ናት፣ ወንድሜ። ሐሙስ መድረክ አለን። ምን እናድርግ?"

ሴና! የትራምፔት አያያዝ ሳይቀር ራሱ ያስተማራት፣ የጀሞዋ ሴና። ማክሰኞ ዕለት ደውላ "ጋሽ ዳኜ፣ ጤናዎት እንዴት ነው?" ብላው ነበር፤ እሱም አሳቢነቷ ልቡን ነክቶት ነበር። አሁን ያ ጥያቄ እንደ እሬት መረረው።

ቁጭ ብሎ ጻፈ። አንድም ኖታ አላሳሳተም፤ ከፍተኛዋንም በቦታዋ አስቀመጣት። አንድ ነገር ብቻ ተወ። ዜማው ፋታ አይሰጥም፤ ከመጨረሻው መስመር በፊት አንዲት ትንፋሽ ካልሰረቁ ከፍተኛዋ ኖታ ላይ በባዶ ደረት ይደረሳል። ያችን ቦታ ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶበታል። ለሴናም ነግሯት አያውቅም። ትንፋሽ ኖታ አይደለም፤ አሳስተህ ጻፍክ የሚለው ሰው አይኖርም።

ወረቀቱን ለጉተማ ሰጠው።

"ተባረክ ዳኜ" አለ ጉተማ፣ ከልቡ።

ዳኜ ትራምፔቱን ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶ በሩ ድረስ ሄደ። ምላሱ ሳያስበው ጥርሱን ነካው፤ ጥርሱም ዘመም አለ። ሐሙስ ታየው፤ ሴና መድረኩ ላይ ቆማ፣ ጉንጯ ተነፍቶ፣ ድምፁ ግን አልወጣ ብሏት። በዚህኛው የሚስቅ አልመሰለውም። ተመለሰ።

"ጋሽ ጉተማ፣ ወረቀቱን መልስልኝማ።"

ጉተማ ወረቀቱን ከጀርባው ደበቀ። "እንዳትቀደው ዳኜ፣ በናትህ።"

"አልቀደውም። እርሳስ ስጠኝ።"

ከመጨረሻው መስመር በፊት ትንሿን የትንፋሽ ጭረት አሰፈረ።

"እዚህ ጋ ትተንፍስ በላት። እኔም የምተነፍሰው እዚህ ነው።"

ጭረቷ ቀጭን መሰለችው። ከሩቅ እንድትታይ ደግሞ አጠቆራት።