ቀይ ክር በጠርሙስ አንገት

የዚያን ቀን ጠዋት ሽምጥ ውሃ አልጠጣም።

ሽምጥ የወጣለት ስም ነው። በመጨረሻው ዙር እንደ ፈረስ ሲፈተለክ ያየ ተመልካች ጮኾ አወጣለት፤ አገር ምድሩም ተቀበለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ዛሬ የምታስታውሰው ታላቅ እህቱ ብቻ ናት፤ እሷም የምትጠራው ስትቆጣ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ሮጠ። ልምምድ አልነበረም። እግሬ አውጪኝ ብሎ ነበር የሮጠው፤ ግን ሰው ከዓለም ሁሉ ቢያመልጥ ከገዛ ሆዱ የት ይደርሳል? ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ ቤት ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጠርሙስ አንሥቶ አየው፤ መልሶም አስቀመጠው። ያ ጉድ ከወጣ ወዲህ ጠርሙስ ወደ አፉ አያስጠጋም።

እህቱ ሸሚዙን እየተኮሰች ነበር።

"ቁርስህን ብላ እንጂ።"

"አልራበኝም።"

"ያልበላ ሰው ሲምል ድምፁ ይቀጥናል። ዳኛዋ ሌባ መስለሃት እንዳትቀር!" ብላ ሳቀች። ከዚያ ካውያውን አቆመችና፣ "ጋሼን ዛሬ ፊት ለፊት ታያቸዋለህ አይደል? አይ ሰው! እኔ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ምላሱን በቆረጥኩት። ያመንኩት አንተ ስላልክ ነው። አንተ ከማልክ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እምላለሁ" አለችው።

ሸሚዙን ስታለብሰው ሙቀቱ ገና አልወጣለትም ነበር። ጀርባው ላይ አቃጠለው።

ጋሼ የሚሏቸው ወጌሻውን ነው። ሽምጥ ገና ማንም ሳያውቀው፣ ጫማው ተቀዶ ጣቱ ብቅ ሲል ጀምሮ እግሩን ያሹለት፣ ወለምታውን የመለሱለት እሳቸው ናቸው። ከፊቱ ይልቅ እግሩን ያውቁታል። ገና በሩን ሲከፍት ከአረማመዱ፣ "ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ተጣላህ?" ይሉታል።

ታዲያ ከመጨረሻው ውድድር በኋላ በሽምጥ ሽንት ውስጥ የተከለከለ አበረታች መድኃኒት ተገኘ። ከቦርሳው የተወሰደ፣ ገና ያልተከፈተ ጠርሙስ ሲመረመርም ያው መድኃኒት ተገኘበት። ጠያቂዎቹ ሲያፋጥጡት ሽምጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአፉ አመለጠችው፤ "ውሃውን አዘጋጅቶ፣ ክዳኑንም አስሮ የሰጠኝ ወጌሻው ነው።" በቃ። ሽምጥ አለ ከተባለ፣ አለ ነው። ጋሼ ከሯጮቹ ካምፕ ተባረሩ፤ እግር የሚያሹበት አልጋ ዝናብ ላይ ተጣለ። አሁን ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ካላቸው በዚያ ዕድሜያቸው እስር ቤት ይገባሉ።

እውነቱን የሚያውቀው ግን ሽምጥ ነው። የመድኃኒቱን ዱቄት የገዛው ራሱ፣ የበጠበጠውም ራሱ ነው። ወጣቶቹ ከኋላው ትንፋሻቸውን ሲያሰሙት፣ ጉልበቱም ሲከዳው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብሎ ጀመረ። አንድ ጊዜ ብቻ የማይል ኃጢአተኛ መቼ ታይቶ ያውቃል?

ከዚህም ሌላ ክሩ ነበር። ሽምጥ የጠርሙሱን ክዳን ከአንገቱ ጋር በቀይ ክር ይቋጥራል፤ ሰው ከነካው እንዲያውቅ። አቋጣጠሩ የራሱ ነው። እየሮጠ ጫፉን በጥርሱ አንዴ ሲስበው ተፍታቶ ይወድቃል፤ ሌላ ሰው ሲነካው ይብስ ይጠብቃል። የካምፑ ልጆች፣ "ሽምጥ እጮኛውን አደራ ይሰጣል፤ ጠርሙሱን ግን አይሰጥም" እያሉ ይስቁበታል። ጋሼም አንዴ ሊፈቱት ታግለው ጥፍራቸው ሲሰበር፣ "ይሄ ቋጠሮ ነው ወይስ የአማት ሆድ?" ብለው ወርውረውለታል። መርማሪዎቹ ግን ክሩን ምልክት ብቻ መስሏቸው ናሙናውን ከጎን በመርፌ ወግተው ወሰዱ። የካምፑ ልጆች ያውቃሉ፤ ግን በሽምጥ ላይ ማን አፉን ይከፍታል? ጋሼም ያውቃሉ። ለጠበቃቸው እንኳ አልተነፈሱም።

የችሎቱ አዳራሽ ጠባብና ወበቃም ነበር። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ እያቃሰተ ይዞራል። ጠርሙሱ በፕላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ ከዳኛዋ ፊት ተቀምጧል። ሽምጥ እጁን አንሥቶ ሲምል ከኋላ ያሉት ሰዎች እንደ ስታዲየም ሊያጨበጭቡ ቃጣቸውና ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩአቸው።

ዐቃቤ ሕጉ ጠየቀው። "ውሃውን አዘጋጅቶ ክዳኑን ያሰረው ማን ነው?"

"ጋሼ... ተከሳሹ።"

ድምፁ አልቀጠነም። ይህ ነበር የባሰው። ውሸቱ እንደ ጥሩ ጫማ ልክክ ብሎ ገባ፤ አዳራሹም አመነው። ጋሼን አየ። እሳቸው ግን ፊቱን አልነበረም የሚያዩት፤ እግሩን ነበር።

ያኔ ባቱ ዘለለ። ጠዋት ያለ ውሃ የሮጠው ሩጫ፣ ረጅሙ መቆም፣ ሁሉም ተጠራቅሞ ጡንቻውን ጨምድዶ ያዘው። ሽምጥ የመመስከሪያውን አጥር ጨብጦ ጮኸና ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ሰው ሁሉ ተደናግጦ ሳለ ጋሼ ከተከሳሽ ወንበር ተነሥተው መጡ። ፖሊሱ ክንዳቸውን ያዛቸው።

"ልቀቀኝ ልጄ፤ የትም አልሸሽም። ባቱ ነው።"

ዳኛዋ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፖሊሱ ለቀቃቸው። ሽማግሌው ተንበርክከው ጫማውን አወለቁ፣ ተረከዙን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ጣቶቹን ወደ ላይ ገፉ።

"ውሃ አልጠጣህም" አሉ ቀስ ብለው።

"አልጠጣሁም ጋሼ።"

"ድንጋይ ሆነሃል አንተ ልጅ። ተንፍስ።"

የእጃቸው ሙቀት ያው የድሮው ነው። ሽምጥ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ተመኘ። "ክሩን ለምን አልነገሯቸውም?" አለ በሹክሹክታ።

"አንተ ትነግራቸዋለህ ብዬ ጠበቅኩ" አሉት፤ ማሸታቸውን ሳያቆሙ።

ሽምጥ እዚያው ወለሉ ላይ እንዳለ ድምፁን ከፍ አደረገ። "እኔ ነኝ። መድኃኒቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አልነኩትም።"

አንዲት ሴት፣ "አይ አንጀቱ! አዘነላቸው እኮ!" አለች። ሌሎችም ከንፈራቸውን መጠጡ። ዐቃቤ ሕጉ ብድግ ብሎ ምስክሩ ታሟል፣ ውለታም ይዞታል፣ ዕረፍት ይሰጠን አለ። እህቱ ሳትቀር ከኋላ ሆና እንባዋን እየጠረገች በኩራት ፈገግ ትልለታለች። ሲዋሽ ያመኑት ሁሉ እውነቱን ሲናገር አላመኑትም።

"ጠርሙሱን ስጡኝ" አለ።

ዳኛዋ አመነቱና ፈቀዱ። ፖሊሱ ከረጢቱን ከፍቶ አመጣው። "መጀመሪያ እሱ ይሞክር" አለ ሽምጥ። ፖሊሱ ክሩን ጎተተው፤ ጠበቀ። የጋሼ ጠበቃ ሞከረ፤ ባሰበት። ሽምጥ ተቀብሎ ጫፉን በጥርሱ ነክሶ አንዴ ሳበው። ቀይዋ ክር ተፍታታ እጉልበቱ ላይ ወደቀች።

"ከኔ ሌላ የሚቋጥረውም የሚፈታውም የለም" አለ። አሁን ነበር ድምፁ የቀጠነው።

ማንም ከንፈሩን አልመጠጠም። እህቱን ፈልጎ አገኛት። ፈገግታዋ ጠፍቶ፣ የተኮሰችለትን ሸሚዝ የሰው ሸሚዝ ይመስል ትክ ብላ ታየዋለች። ከዚያ እናቱ ያወጣችለትን ስም፣ ያንን ማንም የማያውቀውን፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጠራችው፤ ከከንፈሯ ለየው።

ጋሼ ጫማውን መልሰው አጠለቁለት፤ ማሰሪያውን ሳያጠብቁ አሰሩለት። ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ተነሡና ወደ ተከሳሽ ወንበራቸው ተመልሰው ተቀመጡ፤ ገና ነጻ ነዎት ያላቸው የለማ። ሽምጥ አይቀመጡ ሊላቸው አፉን ከፈተ፤ ግን ምን መብት አለው?

"ምስክር" አሉ ዳኛዋ ብዕራቸውን አንሥተው፣ "ከመጀመሪያው ይጀምሩ።"