ከደጅ የተመለሰው ጸሎት

በሁዳዴ አራተኛ ሳምንት፣ ሰኞ ቀን፣ ወይዘሮ እቴነሽ ከቅዳሴ ስትመለስ ጠዋት የጸለየችውን ጸሎት በራፏ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ቁመቱ ከጉልበቷ አያልፍም። ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቷል፤ እግሩ አቧራ ለብሷል።

«ምነው ተመለስህ?» አለችው።

«ከደጅ መለሱኝ። በዚህ ስም የምናውቀው ሰው የለም አሉ።»

እቴነሽ ደረቷን መታች። ወይ የእሷ ነገር! ጾሙ ከገባ ጀምሮ እየሰገደች የምታለቅሰው ለታናሽ ወንድሟ ለምትኩ ነው። ሰው ግን በጸሎት የሚጠራው በክርስትና ስሙ እንጂ ጎረቤት በሚጠራው ስም አይደለም። ይህን እንኳን እሷ፣ ሕፃንም ያውቀዋል። ችግሩ የወንድሟን የክርስትና ስም መርሳቷ ነው።

እሱን ያጠመቁት ቄስ አርፈዋል። እናታቸውም አርፋለች። የሚያውቀው ራሱ ምትኩ ብቻ ነው፤ ከእሱ ጋር ደግሞ እናታችን የት ትቀበር በሚል ከተኳረፉ ሰባት ዓመታቸው። ቤቱ ከገበያው ማዶ ነው፣ የሩብ ሰዓት መንገድ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? ሁለቱም ውጠው ቁጭ ብለዋል።

«ናፍቆኛል» አለች እቴነሽ። «ሳቁ ናፍቆኛል። እትዬ ብሎ ሲጠራኝ ናፍቆኛል።»

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አለ ጸሎቱ። «ተነሽ እንጂ።»

እህል ሳትቀምስ ተነሣች። ጸሎቱ ከኋላ ከኋላዋ ተከተላት። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲላት እሱም አብሮ እጅ ይነሣል።

ምትኩ በሩን ከፈተ። ጸጉሩ ሸብቷል።

«ምትኩዬ» አለችው፤ «የክርስትና ስምህ ጠፋኝ።»

አልገረመውም። ዘወር አለና ቤቱን አሳያት። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ትናንሽ ጸሎቶች ነጠላ ለብሰው ተቀምጠዋል። የሰባት ሁዳዴ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አርጅተው ጎብጠዋል።

«ሁሉንም መለሷቸው» አለ። «ያንቺስ ማን ነበር፣ እትዬ?»

«ወለተ ሐና» አለች፣ እንባዋ እየቀደማት።

የተቀመጡት ሁሉ ባንዴ ቆሙ። አረጋውያኑን አስቀድመው፣ በተራ በተራ፣ በእህትና በወንድም መካከል እያለፉ ወጡ። ገበያውን ሲያቋርጡ አቧራው አልተነሣም።

የእቴነሽ ጸሎት ብቻ አልተንቀሳቀሰም። ቀና ብሎ የምትኩን ከንፈር ያይ ነበር።