የት ነው የምታድረው?

የኢንሹራንሱ ልጅ ሲናገር ፈገግታ አይለየውም፤ ክፉ ወሬ ሁሉ የሚወጣው ግን ከዚያው አፍ ነው። መኪናዋን ኢንሹራንስ ልታስገባ የመጣችውን ልጅ ዕድሜዋን ጠየቃት። ሃያ ሦስት ስትለው ከንፈሩን መጠጠ። መንጃ ፈቃዷ ገና ዓመት እንዳልሞላው ሲሰማ ደገመው።

«መኪናዋስ የት ነው የምታድረው?»

«ቤቴ በር ላይ ነዋ፤ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ።»

«ውይ!» አለ፣ ሰው የሞተባት ይመስል። «እዚያ ሰፈር ደጅ ያደረች መኪና ስፖኪዮዋን ይዛ አትነጋም። ለወጣት ሹፌር ደግሞ ዋጋው አይቀመስም፤ ስርቆቱንም አንሸፍንም። ግቢ ያለው ዘመድ የለሽም?»

ነበራት፤ አክስቷ። አክስቷ ግቢም ነበራት፣ «ግቢ» የሚል አፍም ነበራት። አባቷ ከሞተ በኋላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ልጅቷ ነርስ ሆና ደመወዝ ስትይዝ ራሴን ልቻል ብላ ወጣች። አክስቷ በር ላይ ቆማ «ምን አጎደልኩብሽ?» ብትላት መልስ አጣች፤ ምንም አልጎደለባትማ! መልስ ያጣችበት ቤት ገብቶ መቀመጥ ከዚያ በኋላ አስፈራት።

እናም ስርቆትንም የሚሸፍን ውል በአክስቷ አድራሻ ተጻፈ፤ መኪናዋም አክስቷ ግቢ ማደር ጀመረች። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ከቤት ቤት እየዞረች የበሽተኞችን ቁስል ታሽጋለች፤ በየደረሰችበት «የኔ ልጅ» ትባላለች፤ ፋሻው ሲያልቅ «የኔ ልጅ»ም ያልቃል። ሲመሽ መኪናዋን ግቢው ውስጥ አጥሩ ስር አቁማ ትቆልፋለች።

«ግቢ እንጂ» ትላለች አክስቷ ከበረንዳው።

«ደክሞኛል፣ ነገ።»

ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ክፍሏ። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ ነው፤ ሁለተኛ ብርጭቆ ልትገዛ አስባ ለማን ብላ ትታዋለች። ያ «ነገ» ግን ሳይመጣ ወራት አለፉ። አክስቷም መጥራቱን ተወችው፤ ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ማየቱን ግን አልተወችም።

አንድ ዝናባማ ሌሊት ሌባ አጥር ዘሎ ስፖኪዮዎቹንም የፊት መብራቶቹንም ነቃቅሎ ወሰደ። መኪና ለሌላት ነርስ ደግሞ መሥሪያ ቤቷ በሽተኛ አይሰጥም። ደግነቱ ኢንሹራንስ አለ ብላ ተጽናናች። ያ ባለፈገግታ ልጅ ሲደውልላት ግን ድምፁ ሌላ ሆኗል።

«አክስትሽ ጋ ደውዬ፣ እርስዎ ጋ ነው ወይ የምታድረው ብዬ ጠየቅኋቸው። ‹አንድ ቀን አድራ አታውቅም› አሉኝ። ዋሽተሽ ከሆነ ካሳ የለም፤ ውሉም ይፈርሳል።»

ጆሮዋን ማመን አቃታት። ደሟ ፈልቶ አክስቷ ዘንድ ስትደርስ አሮጊቷ መብራት አልባዋን መኪና በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች።

«አክስቴ! ምን አድርጌሽ ነው ጉድ የምትሠሪኝ? መኪናዋ በየቀኑ እዚህ አታድርም?»

«መኪናዋማ ታድራለች።»

«ታዲያ ለምን አታድርም አልሽ?»

አክስቷ ጨርቁን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠችው። «ሰውዬው ስምሽን ጠርቶ ‹እርስዎ ጋ ነው የምታድረው?› አለኝ። እኔ ስለ አንቺ የጠየቀኝ መስሎኝ። እስከ በሩ መጥታ ትመለሳለች፣ አንድ ቀን አድራ አታውቅም አልኩት። ዋሸሁ?»

ልጅቷ ጨርቁን ከኮፈኑ ላይ አነሳችው። ልትቆጣ የመጣች ሰው መሆኗ ጠፋባት።

ያን ቀን ስልኩን ጮክ አድርገው ለኢንሹራንሱ ልጅ መልሰው ደወሉ። አክስቷ አፏን ስልኩ ላይ ለጥፋ ነገሩን አስረዳች። ልጁ ሳቀ፤ ፈገግታው በስልክም ታወቀ።

«ገባኝ፣ እማማ። እኔ የጠየቅሁት ስለ መኪናዋ ነው። ካሳውን እንከፍላለን። ልጅቷ የት እንደምታድር እኛን አይመለከተንም።»

«እኔን ይመለከተኛላ!» አለችና አክስቷ ስልኩን ዘጋችው።

ሁለቱም መኪናዋን ያያሉ። መሸ። ልጅቷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ እግሯ ወደ አውቶቡሱ ለምዷል። አክስቷ «ግቢ» አላላትም።

«ልደር እንዴ ዛሬ?» አለች ልጅቷ።

አክስቷ መሬት መሬት አየች። «አልጋሽን ለጎረቤት ሰጥቼዋለሁ። ባየሁት ቁጥር ሆዴ እየባባ ምን ላድርግ?»

«ሶፋው አለ አይደል?»

«ሶፋውማ አለ።»

ሶፋው ያጥር ነበር፤ እግሯን አጥፋ ተኛች። ጠዋት የነቃችው የበረንዳው በር ሲንቋቋ ነው። በመስኮቱ አየች፤ አክስቷ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጥታ፣ መኪናዋን በመዳፏ ዳበስ አድርጋ፣ «ደህና አደርሽ?» አለቻት። አነጋገሯ የዛሬ ብቻ አይመስልም። ስንት ጠዋት መልስ የማይሰጣትን ስትጠይቅ ኖራለች ማለት ነው!

ልጅቷ ከሶፋው ተነስታ በሩን ከፈተችው።

«ደህና አደርኩ» አለች። «አንቺስ፣ ደህና አደርሽ?»

አክስቷ እጇን ከመኪናዋ ላይ ሳታነሳ ዞረች፤ የሚመልስላት ሰው ስላልለመደች ቃሉ ቶሎ አልመጣላትም።