የቶይባ ለቅሶ

«ደብረ ብርሃን ደርሰዋል» አለ ሃይደር በሴቶቹ ክፍል በር ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ራሕማ ከፍራሹ ተነስታ ባሏን ተከትላ ወደ ጓሮ ወጣች። ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች ቀና ብለው አዩዋቸውና፣ ባልና ሚስት ሐዘን ሊጋሩ ነው ብለው ወደ ወሬያቸው ተመለሱ። የተጋሩት ግን ጭንቀት ነበር። የሃይደር አክስት ቶይባ፣ ትናንት የተቀበሩት የእናቱ የእማማ ሐሚዳ ታናሽ እህት፣ ከኮምቦልቻ ለለቅሶ እየመጡ ነው። የጎሮ ሰፈርተኛ ደግሞ ቶይባ መሞታቸውን ከሁለት ወር በፊት ሰምቶ፣ በዚሁ ግቢ ድንኳን ጥሎ አልቅሶላቸዋል።

ቶይባ አልሞቱም። ሞተዋል መባላቸውንም እስከ ዛሬ አያውቁም።

ሃይደር አንድ ዘዴ መጥቶለታል። ሰሚት ላይ ጠብቆ ከመኪና ሊያወርዳቸውና ለለቅሶው ቀናት ብቻ ስማቸውን እንዲቀይሩ ሊለምናቸው አስቧል። ሌላ እህት ናቸው፣ ዘምዘም ነው ስማቸው ይባላል። መልካቸውን የሚያውቅ ጎረቤት የለም። ራሕማ ባሏን ትክ ብላ አየችው።

«እህታቸውን ሊያለቅሱ የመጡ ሴትዮ በሰው ስም ያልቅሱ ልትላቸው ነው?»

«ታዲያ እማ ውሸታም ትባል? ገና አፈሯ ሳይደርቅ?»

ራሕማንም ከትናንት ጀምሮ የሚያስጨንቃት ይኸው ነው። ለራሷ ቢሆን ትችለዋለች፤ ምራቲቱ ለመዝናናት ስትል አማቷን አስዋሸች ቢሏት ሰምታ ዝም ትላለች። ሐሚዳ ግን በዚህ ሰፈር ሚዛናቸውም ቃላቸውም የማይጠረጠር ባለሱቅ ነበሩ። ሁለት ጎረቤት ተጣልቶ ሐሚዳ እንዲህ ብለዋል ከተባለ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እኚህ ሴት በተቀበሩ ማግስት ሰው ሁሉ አንዲቷን ውሸታቸውን ይዞ ወደየቤቱ ሊገባ ነው። ሃይደር ግን ሌላ መላ ስላልታየው በዘመድ መኪና ወደ ሰሚት ሄደ፤ ራሕማም ወደ ፍራሹ ተመለሰች።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ እራት ላይ ነበር። የሐሚዳ ሱቅ በግቢው በር ላይ ስለሆነ የመንደሩን ሰው ሁሉ ያያሉ፤ ማታ ማታ ደግሞ ልጃቸውንና ምራታቸውን ያያሉ። ያን ቀን ሃይደር ዳይፐር ማለቁን ተናገረ፤ ራሕማ ውኃ ነገም እንደማይመጣ ተናገረች፤ ከዚያ ትንሿን ሳጂዳን ማን ለክትባት እንደሚወስዳት ተነጋግረው ወደ እራታቸው ተመለሱ። ሐሚዳ ጉርሻቸውን አስቀመጡ።

«እናንተ ስታወሩ የሚሰማ ሰው አንድ መጋዘን ውስጥ የምትሠሩ ነው የሚመስለው» አሉ። «ይህቺ ልጅ ከተወለደች ወዲህ ስትሳሳቁ ሰምቼ አላውቅም። የሆነ ቦታ ሄዳችሁ አርፋችሁ ኑ፤ ሳጂዳን እኔ እይዛታለሁ።»

ራሕማ ላንጋኖን አሰበች። ሃይደር ልጅቷን ቢያተኩሳትስ አለ። ከዚያ ቢሾፍቱ ተባለ፤ እሱም ራቀ። ርቀቱን እያሳጠሩ እያሳጠሩ መጥተው ቦሌ አንድ ሆቴል ላይ ቆሙ። ከጎሮ ቦሌ ለመዝናናት የሄደ ሰው ከእነሱ በፊት መኖሩን እንጃ። ሐሚዳ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ ቦታው ምንም አይደለም፣ ዋናው በሩ ከውስጥ መቆለፉ ነው ብለው ራሕማን እስከ ጆሮዋ አቀሏት።

ሄዱ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ገቡ። የታቀደው ለብሶ፣ ጥሩ እራት በልቶ፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ቦሌ መንገድ ላይ መንሸራሸር ነበር። ራሕማ ለዚያ ብላ ቀሚስ አሰፍታለች። አልጋው ነጭና ሰፊ ነበርና እስቲ ለአንድ አፍታ ጎናችንን እናሳርፍ ተባባሉ። የነቁት በሱብሂ አዛን ነው። ሃይደር አንድ እግሩ ላይ ጫማ ነበረው። ራሕማ ጫማውን አይታ ሳቀች፤ እሱ ሳቋን አይቶ ሳቀ፤ ሆዳቸውን ይዘው አልጋው ላይ ተንከባለሉ። ቅዳሜን ሙሉ እንደዚያው ዋሉ። ቁርስ ላይ ሃይደር ሦስት ጊዜ ተነስቶ ሳህኑን ሞላ፤ ትንንሾቹን የማርማላታ ብልቃጦች ለሳጂዳ ብሎ ኪሱ ከተተ። ራሕማ ማንም ጣቱን ሳይነክርባት አንድ አይስክሬም ብቻዋን በልታ ጨረሰች፤ የት እንደነበረች ረስታ ማንኪያውን ላሰችው። ሊፍቱን ያለ ጉዳይ ወጡበት፣ ወረዱበት። አውሮፕላን በመስኮቱ ሲያልፍ ሃይደር የሚሄዱበትን አገር እየቀያየረ ነገራት። ይህ ሰው ቀልደኛ እንደነበር ራሕማ ያን ቀን ትዝ አላት፤ ስለዚህም ነበር ያገባችው።

ቤት ደጋግመው ደወሉ። በስተመጨረሻ ሐሚዳ ስልኩን አንስተው «ደህና ነን፣ አትረብሹን» ብለው ዘጉት። ከኋላቸው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ራሕማ ሱቁ ደርቶ ነው ብላ አሰበች።

እሑድ ከሰዓት ሲመለሱ በራቸው ላይ ድንኳን አዩ። በረንዳው በጫማ ተሞልቷል። ራሕማ ሳጂዳዬ ብላ እየተደናቀፈች ገባች። ሳጂዳ በጎረቤታቸው በሚርያም ጭን ላይ ተቀምጣ ዳቦ ትገምጣለች። ሐሚዳ ጥቁር ሻሽ አስረው ፍራሽ ላይ ነበሩ። ራሕማን ሲያዩ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ደረታቸው ሳቧትና በጆሮዋ አንሾካሾኩ።

«ቶይባ ሞታ ነው። አልሞተችም። አልቅሺ።»

ነገሩ ለራሕማ እስኪገባት ትንሽ ቆየ። ሲገባት ደግሞ ሁለት ቀን ሲስቅ የሰነበተ ሆዷ አልታዘዝ አላት። ፊቷን በሐሚዳ ሻርፕ ውስጥ ቀበረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሴቶቹ፣ ይህቺ ልጅ እንዴት ብትወዳቸው ነው እያሉ አብረዋት አለቀሱ። ሐሚዳ በሻርፑ ሥር ጀርባዋን ይቆነጥጧታል፤ በቆነጠጧት ቁጥር ይብስባታል። ለሃይደር ግን የነገረው አልነበረም። ድንኳኑ ውስጥ የዕድሩ ሰው ሐሩን አንገቱን አቅፎ፣ አክስትህን አላህ ይዘንላት ሲለው የምሩን አለቀሰ። እናቱ አስጠርተው በጆሮው እስኪነግሩት ድረስ ከለቀስተኛው ሁሉ እንባው የበዛ እሱ ነበር።

ሰው ሲበተን ሐሚዳ በር ዘግተው ተናገሩ። ሐሩን የጎሮ ቦሌ ሚኒባስ ሹፌር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሱቅ መጥቶ ልጆቹ የት ሄዱ ሲላቸው፣ ቤታቸው አልጋ እያላቸው ቦሌ አልጋ ተከራይተው ተኝተዋል ማለት አፍረው እህቴን አሟት ሊጠይቋት ሄዱ አሉት። ሚርያም ይህን ሰምታ መጣች፤ ጴንጤ ናትና እጃቸውን ይዛ ስለ ቶይባ ፈውስ ጸለየች። ወሬው ከአፍ አፍ ሲዞር አሟት የተባለው አረፈች ሆነ፤ ከሰዓት በኋላ ሐሩን በገዛ ሚኒባሱ የዕድሩን ድንኳን ጭኖ መጣ። ሐሚዳ አልሞተችም ቢሉ፣ ታዲያ ልጆቹ የት ናቸው ሊባል ነው። ዝም ብለው ሻሻቸውን አሰሩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ጊዜው ሲደርስ ለሰፈሩ እኔው እነግራቸዋለሁ አሉ። ከዚያ ራሕማ ከሆቴል ያመጣችላቸውን ነጭ ስሊፐር አጥልቀው፣ በሉ እስቲ ምን ምን በላችሁ ብለው ተቀመጡ። ያን ስሊፐር እስከ መጨረሻቸው አላወለቁትም። ትናንት ሱብሂ ሰግደው ጋደም አሉ፤ አልተነሱም። ስሊፐሩ ዛሬም አልጋቸው ሥር አለ።

አሁን ራሕማ የሐሚዳን ሻርፕ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሳጂዳን አጠገቧ አስተኝታ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። ሞቱን ካየች ጀምሮ እንባ እምቢ ብሏታል። ጥግ ላይ ያሉት ሁለት ሴቶች ስለዚሁ ይንሾካሾካሉ፤ ለአክስቲቱ እንደዚያ ያለቀሰች፣ ለአማቷ አንዲት ጠብታ የላትም ይላሉ። ራሕማ ትሰማለች። እውነት ስለሆነ አልከፋትም፤ ብቻ ቀዝቅዛለች። ሚርያም በፔርሙዝ ሻይ እየዞረች፣ በአንድ ዓመት ሁለት እህትማማች፣ ይህ ቤት ምን ነካው እያለች ከልቧ አዘነች። ራሕማ ስልኳን አየች። ሃይደር ሰሚት ቆሜያለሁ፣ ስልካቸው ተዘግቷል ብሎ ጽፏል።

ስልኩን ሳታስቀምጠው ከበር ድምፅ መጣ። ሃይደር ሰሚት ሲጠብቅ የቶይባ መኪና በሌላ መንገድ ገብቶ ኖሯል።

«ቶይባ ትቅደምሽ! ሐሚዳዬ፣ ቶይባ ትውደቅልሽ!»

ሐሩን ከድንኳኑ ብርጭቆውን እንደያዘ ተነሳ። ከሴቶቹ አንዷ ቢስሚላህ አለች። ቀጭን ረጅም ሴት፣ መንገድ ያደከማቸው፣ በገዛ ስማቸው ደረታቸውን እየመቱ ገቡ፤ ልክ እንደ ሐሚዳ አንድ ጉንጫቸው ላይ ስርጉድ አላቸው። ሚርያም ፔርሙዙን አቅፋ ቀረች። ቶይባ ሰው ሁሉ እንዳፈጠጠባቸው ሲያዩ ለቅሷቸውን አቋረጡ።

«ምን ሆናችኋል? እህቷ ነኝ፤ ቶይባ ነኝ።»

ራሕማ ተነሳች። ሌላ እህት ናቸው ለማለት አሁንም ጊዜ ነበር፤ ግን ያን የምትለው በማን ቤት፣ በማን ፍራሽ ላይ ቆማ ነው። እማማ ሐሚዳ ሊነግሩት ያሰቡት ነገር እሷ ላይ ወድቋል። አክስቴ ይቀመጡ ብላ እጃቸውን ያዘችና ሁሉንም ተናገረች። እራቱን፣ ቦሌን፣ አንዱን ጫማ፣ የሐሩንን ጥያቄ፣ ድንኳኑን። በሻርፑ ሥር ስለ መቆንጠጧ ስትደርስ ሳታውቀው የሐሚዳን አነጋገር ይዛ ነበር። «የዋሹት ለእኛ ነው» አለች ሲያልቅባት። «በእሳቸው አትፍረዱ። ፍርድ ካለ በእኔ ነው።»

ሁሉም የሚያዩት ቶይባን ነው፤ የሞቱት እሳቸው ናቸውና የመጀመሪያው ቃል የእሳቸው ነበር።

«ተለቀሰልኝ?» አሉ ቶይባ።

«ድንኳን ተጥሎ» አለች ራሕማ።

«ሰውስ መጣ?»

«ጎሮ በሙሉ» አለ ሐሩን ከበሩ ላይ፣ የድካሙ ዋጋ እንዳይቀርበት የፈራ ይመስል።

ቶይባ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «እሷስ? አለቀሰች?»

ራሕማ ሐሚዳ ያን ማታ የነገሯትን ነገረቻቸው። መጀመሪያ አስመስለው ነበር የተቀመጡት። አንዷ ለቀስተኛ መጥታ ያለችሽን አንድ እህት አጣሽ ስትላቸው ግን፣ እውነት ቶይባ ብትሞትስ ብለው አሰቡ። ከዚያ ወዲያ ያለቀሱት የራሳቸውን ነው።

«ደውላልኛለች» አሉ ቶይባ። «ያኔ ማታ። ምን ሆነሻል ስላት ምንም፣ ዝም ብለሽ አውሪኝ አለችኝ። ስለ ዶሮዎቼ አወራኋት። ስለ ዶሮ ያን ያህል የሰማኝ ሰው የለም።» እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና በዚያው ፊታቸው ፈገግ አሉ። «እንግዲህ በቁሜ ተለቅሶልኛል። ቁርጡን ስሞት እንዳትቸገሩ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ሚርያም ናት። «እኔ እኮ» አለች፣ «ጸሎቴ አልተሰማም ብዬ ጌታን ተቀይሜው ከርሜ ነበር።» ክፍሉ በሳቅ ተደረመሰ። ሳቁ በበሩ ወጥቶ ድንኳኑን ያዘ፤ ሽማግሌዎቹ ለቅሶ ቤት መሆኑን እያሳሰቡ ራሳቸው በጋቢያቸው ተሸፈኑ። ሐሩን ድንኳኑን ብቻዬን ነው የተከልኩት እያለ ለማያውቀው ሁሉ ያስረዳል። አንዲት አሮጊት፣ ሐሚዳ ለሚወዱት ሰው ይህን ካደረጉ እኔም ልጃቸው ብሆን ኖሮ ብለው ዓይናቸውን አበሱ። ሃይደር ከሰሚት ተመልሶ በሩን ሲከፍት እናቱ በሞቱ በማግስቱ ቤቱ በሳቅ ሲናወጥ አገኘው፤ አክስቱ መሀል ተቀምጠዋል። ያለ ምንም ጥያቄ አጠገባቸው ተንበረከከና ጉልበታቸውን ሳመ።

ጥግ ላይ ካሉት ሁለት ሴቶች አንዷ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ታዲያ ያን ቀን ትከሻሽን ያንቀጠቀጠው ያ ሁሉ ለቅሶ ምን ነበር ብላ ጠየቀች።

«ሳቅ ነበር» አለች ራሕማ።

እንደገና ተሳቀ። ራሕማም ልትስቅ የሐሚዳን ሻርፕ ወደ ፊቷ ሳበችው። የሱቁ ሳሙና ይሸታል። የስኳሩ ማዳበሪያ ሽታም አለው፤ አልቅሺ ሲሏት ፊቷን የቀበረችበት ያው ሽታ ነው። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይኸው ደግሞ ጀመራት አለች አንዷ፤ ሴቶቹ እሷን እያዩ ባሰባቸው።

ቶይባ አልሳቁም። ፍራሹ ላይ ተሳበው ተጠጓትና እጃቸውን በሻርፑ ሥር አስገብተው ጀርባዋ ላይ አሳረፉት። አልቆነጠጧትም።