ክፍልፋይ በመጋዝ

ባለቤቴ አናጢ ነው፤ በመጋዝ ያልቆረጠው ነገር አይገባውም። ይህን እያወቅኩ ልጃችንን ክፍልፋይ ማባዛት እንዲያስረዳት ከወርክሾፑ ጎትቼ ያመጣሁት ቢጨንቀኝ ነው። ሰኞ ጠዋት ፈተና አለባት። ከወደቀች ክፍሉን ደግማ ከታናሽ እህቷ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ልትቀመጥ ነው። ታናሿም ከአሁኑ «በመስኮቱ በኩል የኔ ነው» እያለች ታበሽቃታለች።

እሁድ ከምሳ በኋላ መጽሐፉን ገለጥን። «አንድ ገበሬ የማሳውን ሦስት አራተኛ አረሰ። ካረሰው ላይ ሁለት ሦስተኛውን ስንዴ ዘራበት። ስንዴ የተዘራበት የማሳው ስንት እጅ ነው?»

«ቀሪውን ለምን አላረሰም?» አለ ባለቤቴ።

«አባዬ፣ እሱን አይጠይቅም።»

«አሞት ይሆናል» አልኩ እኔ።

ስለ ገበሬው ጤና ስንነታረክ ቆየን። ልጄ እርሳሷን ታኝካለች።

በመጨረሻ ባለቤቴ ከወርክሾፑ ይዞት የመጣውን መጋዝ አነሳና የምግብ ጠረጴዛችንን መታ መታ አድርጎ «ማሳው ይሄ ነው» አለ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሩቡን ገምሶ ጣለው፤ ከተረፈው ደግሞ ሲሶውን። የቀረው ተንገዳግዶ ወደቀ። ሜትሩን ዘርግቶ ለካው።

«ከግማሽ ትንሽ ይጎድላል። መጋዙ የበላው አለ።»

«መጽሐፉ ግማሽ ነው ይላል» አልኩት መልሱን አይቼ።

«መጽሐፉ መጋዝ ይዞ አያውቅም። ገባሽ ልጄ?»

«አልገባኝም» አለች ዓይኗን ሰበር አድርጋ።

ቀጥሎ ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ ጣቃ የሚጠይቀው ጥያቄ አግዳሚ ወንበሩን በላው። አልገባትም። የመንገድ ሥራው ጥያቄ የሳሎኑን በር ሲሶ አደረገው። ጎረቤታችን መቀስ ልትዋስ መጥታ በተረፈው በር ላይ ጎንበስ ብላ አንኳኳች። ከበሩ በላይ ሁላችንንም ታየናለች፤ ግን «ግቢ» እስክላት አልገባችም፣ ጨዋ ሴት ናት። መጋዙን ስታይ መቀሱን ትታ ተመለሰች።

ደሜ ፈላ። «አንተ ሰውዬ፣ ቤቴን ልትጨርሰው ነው?»

«አልገባትማ! ምን ላድርግ?»

የልጅቷን አልጋ ጎትቶ አወጣ። «የአልጋሽ ሁለት አምስተኛ፤ ከዚያ ላይ ሦስት አራተኛው» ብሎ መጋዙን ሊያሳርፍ ሲል ጮኸች።

«ሦስት አሥረኛ! ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ አባዝቼ አቃለልኩት!»

መጽሐፉን ነጥቄ ከመጀመሪያውም ከመሃሉም ጠየቅኳት። እርሳስ እንኳን ሳትይዝ መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲያ ፈተናው አላሰጋኝም።

«መቼ ነው የገባሽ?»

«ጠረጴዛው ላይ።»

«ታዲያ ወንበሩስ? በሩስ?»

«ገባኝ ካልኩት ተነስቶ ወደ ሥራው ይሄዳላ» አለች። «እሁድ እንኳን ቤት ውሎ አያውቅም።»

ልቆጣት ነበር፤ ግን አንጀቴን በላችው። ባለቤቴ ሱሪው ላይ ያረፈውን ሰጋቱራ አራገፈ። ወርክሾፕ ውስጥ ያልተጨረሰ ሥራ እንደሚጠብቀው አውቃለሁ።

«ከዚህ የከበደ ጥያቄ የለም?» አላት።

«መጨረሻው ገጽ ላይ አለ። ሦስት ክፍልፋዮች አንድ ላይ የሚባዙበት።»

«ለእሱማ ሰፋ ያለ እንጨት ያስፈልጋል» አለና ወደ ቁምሳጥኑ ዞረ።

እኔም ልብሶቹን ማውጣት ጀመርኩ።